ቆርቆሮ ተሸክሞ የተገኘው ኃላፊ

ስለ አመራር የምትጠይቁት ነገር ካለ እባካችሁ ወደ እኔ አታምጡት። እውቀት አጥሮኝ አይደለም። እንዲያውም እኔ አመራርን በአሥር ቀን ተምሬ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ፎቶዬ የተለጠፈበት የምስክር ወረቀት አለኝ። አሁን ባለቤቴ የስኳር ጣሳ ትከድንበታለች። ችግሩ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚያናድደኝ ሌላ ሰው ቢሆን ደህና ነበር፤ እኔ ግን የምናደደው በራሴ ነው፣ በራስ ላይ የመጣ ንዴት ደግሞ የሚወጣበት በር የለውም።

ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ሹመት ከወንበር ይበዛ ነበር። ትናንት ጠመኔ ይዞ ክፍል ሲገባ ያየኸው ሰው ዛሬ ኃላፊ ነው። እኔም ባምባሲ ሒሳብ ከማስተምርበት ተጠራሁና፣ ሙሉ ስሙን ለመጻፍ ሁለት መስመር የሚፈጅ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆንኩ። ሥራችን በገጠር ትምህርት ቤት ማሠራት ነበር። ሠራተኞቹ አራት ነን። እኔ ኃላፊ፣ አቶ ተፈራ ምክትል ኃላፊ፣ ታይፒስቷ ጫልቱ የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ፣ ዘበኛው ሼህ ኢድሪስ ደግሞ የጥበቃ ክፍል ኃላፊ። ልብ በሉልኝ፤ ኃላፊ ያልሆነ ሰው ቢሯችን ውስጥ አልነበረም።

ሹመቱ በደረሰኝ በሦስተኛው ወር ለሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ። አሠልጣኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እንጨት ይዞ ሰሌዳ የሚመታ ሰው ነው። "የውጤታማ መሪ ተግባራዊ መርሆች" ብሎ ሲጀምር እኔም ደብተሬን ገለጥኩ፤ ስልሳ አራት ገጽ ሞላሁ። መሪ ያዳምጣል። መሪ ራዕይ አለው። መሪ ያወያያል። መሪ ሥልጣኑን ያካፍላል። መሪ አርአያ ነው። ስመለስ በነቀምትና በመንዲ አድርጌ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ስንገጫገጭ፣ እንደ ዳዊት ደገምኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጸሎት መስሏቸው ጊምቢ ላይ ሲወርዱ "ለእኔም አስበኝ" አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሐዋ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ሐዋን ላስተዋውቃችሁ። ከአሶሳ በኩርሙክ መንገድ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ አለ፤ እሷ የዚያ ቀበሌ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። የቀበሌው ሰው በጋውን ሙሉ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ ረግጦ፣ የሦስት ክፍል ትምህርት ቤት ግድግዳ አቁሟል። ጭቃ የተቦካበትን ውኃ ከወንዝ የቀዱት ሴቶቹ ናቸው፣ ሐዋ ከፊት። የቀረው ጣሪያው ብቻ ነው። ቆርቆሮው ደግሞ እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ መጥቶ መጋዘናችን ውስጥ ተደርድሯል።

ሳልሠለጥን ቢሆን ኖሮ "ውሰዱት" ነበር የምለው። አንድ ቃል፤ አልቆ ነበር። አሁን ግን ሠልጥኛለሁ። ወንበሬን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ገጽ አሥራ አንድ እንዲህ ይላል። ሼህ ኢድሪስም ካስፈለገ እንዲተረጉም አብሮን ገባ።

"ኃላፊ፣ ቆርቆሮ መጣ። ዝናብ ቀርቧል። ቆርቆሮ ስጠን" አለች ሐዋ።

"እንደተረዳሁዎት፣ ቆርቆሮ ይፈልጋሉ" አልኳት፣ ራሴን በቀስታ እየነቀነቅሁ።

"አዎ።"

"እንዲሁም ዝናቡ ቀርቧል።"

"አዎ፣ ቀርቧል።"

"ይህ በውስጥዎ ምን ስሜት ፈጠረ?"

ሐዋ እኔን ትታ ወደ ሼህ ኢድሪስ ዞረችና በአገሯ ቋንቋ በበርታኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ሼህ ኢድሪስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ምን አለች?"

"'ኃላፊ አዲስ አበባ ሄዶ አመመው ወይ?' አለች።"

አልተቀየምኩም፤ መሪ አይቀየምም። ጉዳይዎን በአሳታፊ መንገድ እናየዋለን ብዬ ሸኘኋት። በሩ ላይ ደርሳ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። እኔም አየሁ፤ ደመና ነበረ። ደመናን የሚመለከት ነገር ግን ደብተሬ ውስጥ ስላልነበረ ተመልሼ ገባሁ።

ማክሰኞ ሁላችንን ስብሰባ አዳራሽ ጠራሁ። አዳራሹ ከቢሮዬ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚገናኝ ሰፊ ክፍል ነው፤ ያለን አንድ ደህና ክፍል እሱ ነበር። አጀንዳው "የቆርቆሮ ጉዳይ" ነው። ግማሽ ሰዓት የሚወስድ መስሎኝ ነበር። አቶ ተፈራን አላወቅሁትማ። ከወሎ በሠፈራ የመጣ፣ ስብሰባ ሲባል ፊቱ የሚያበራ፣ እህል ባይቀምስ እንኳ በስብሰባ ብቻ ማደር የሚችል ሰው ነው።

"ኧረ በሞቴ፣ እንደው ራዕይ ሳይኖረን ቆርቆሮ ምን ያደርግልናል?" አለ። "ጣሪያው ወዴት ነው የሚያደርሰን? ይኼን ሳናውቅ ቆርቆሮውን እንዴት እንመታለን?"

እውነት እላችኋለሁ፣ ደስ አለኝ። ይኼ ሰው ሳይሠለጥን ሠልጥኗል አልኩ። ራዕይ መቅረጽ ጀመርን። ሰሌዳ ስላልነበረን ያለፈ ዓመት ቀን መቁጠሪያ ገልብጠን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። "በክልላችን ጣሪያ የለበሰ ትውልድ ማየት" የሚል ወጣ። አቶ ተፈራ "ጣሪያ የለበሰ" የሚለው ራሱን የቻለ ውይይት ያስፈልገዋል አለ። ተወያየን። ምሳ ሰዓት ሆነ። ከምሳ መልስ ግምገማ ይቅደም ተባለ፤ ያን ዘመን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ ይገማገም ነበር። አሥር ቀን ከቢሮ በመጥፋቴ ተገመገምኩ። ወደ ሥልጠናው የላከኝ መሥሪያ ቤቱ ራሱ መሆኑን ባስረዳ "ሒስ አይውጥም" ተብዬ እንደገና ተገመገምኩ። አመሻሹ ላይ ስንበተን የቆርቆሮው ጉዳይ በጥልቀት እንዲታይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ረቡዕ ቀጠልን። ከሰዓት በኋላ "የለበሰ" ይቅር፣ "የተላበሰ" ይሁን በሚለው ላይ ሁለት ለሁለት ሆነን ስንከራከር የእኛው ጣሪያ መንጫጫት ጀመረ። ከዚያ ወረደው። የአሶሳን ዝናብ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሲጀምር አያስጠነቅቅም። እርስ በርስ መደማመጥ ስላቃተን መጮህ ጀመርን።

"ጋሼ፣ ዝናቡ መጣ እኮ!" አለች ጫልቱ።

"ከአጀንዳ ውጭ ነው!" ብሎ ጮኸ አቶ ተፈራ።

እኔስ? ሰብሳቢ ነኛ። "እውነቱን ነው፣ ከአጀንዳ ውጭ ነው" አልኩ። ይህንን በአፌ ተናግሬዋለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ሰፍሯል። ዛሬ ሳስበው ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ሐሙስ ጠዋት የስብሰባ ነገር በቃኝ አልኩና ወደሚቀጥለው መርህ ተሻገርኩ፤ መሪ ሥልጣኑን ያካፍላል። የሐዋን ማመልከቻ የያዘውን ፋይል አውጥቼ ጠርዙ ላይ "አቶ ተፈራ፣ በእርስዎ በኩል ይፈጸም" ብዬ ፈረምኩ። ትከሻዬ ቀለለኝ። ለካስ ደብተሬን ትቼ ወደ ምሳ በሄድኩባቸው ቀናት አቶ ተፈራ አንብቦታል። "ወይዘሪት ጫልቱ፣ በእርስዎ በኩል ይፈጸም" ብሎ ፈረመ። ጫልቱም የክፍል ኃላፊ ናት፤ "ሼህ ኢድሪስ፣ በእርስዎ በኩል ይፈጸም" ብላ በታይፕ መታችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሼህ ኢድሪስ ፋይሉን በሁለት እጁ ይዞ ቢሮዬ ገባ። እሱም በዓረብኛ ፊደል ጽፎበታል።

"ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

"ወደ ኃላፊ ተመለሰ አልኩ" አለ። "እኔ ለማን ልስጥ? ከእኔ በኋላ በግቢ ያለው ፍየል ነው።"

ዓርብ መኪና ስለምን ዋልኩ። ክልሉ ውስጥ ካሉት መኪኖች አንዱ ቶንጎ መንገድ ላይ ቆሟል፣ አንዱ ኩርሙክ መንገድ ጭቃ ይዞታል፣ ሌላው ደግሞ እንግዳ ይጠብቃል፤ እንግዳው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ያንን ሁሉ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ አየሁ። የቀረኝ መርህ አንድ ነው፤ መሪ አርአያ ነው። አንተ ጀምረው፣ ሌላው ይከተልሃል ብሎን ነበር አሠልጣኙ። ኮቴን አጣጥፌ አናቴ ላይ አደረግሁ፣ አንድ ቆርቆሮ አነሳሁ፣ ተሸከምኩና ወጣሁ።

ቆርቆሮ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ሸክሙ አይደለም የሚከብደው፤ ነፋሱ ነው። ወደ ኩርሙክ መንገድ ልሄድ ስነሳ ነፋሱ መጣና ወደ ፖሊስ ጣቢያው አዞረኝ። ተመልሼ ስዞር ወደ መስጊዱ ወሰደኝ። ጠርዙ ጆሮዬን ላጠኝ። እንደምንም ቀና ብዬ የሚከተለኝን ሰው ለማየት ዞር ስል፣ አቶ ተፈራ መስኮቱ ላይ ሆኖ በአድናቆት ያየኛል። ማስታወሻም ሳይዝ አልቀረም። ከኋላዬ የመጣው ሼህ ኢድሪስ ብቻ ነው፤ እሱም ልወድቅ ነው ብሎ ሰግቶ እንጂ አርአያነቴ ስቦት አይደለም።

የዚህን አገር ሰው ልማድ ያልጠየቅሁበት ጣጣ እዚህ ላይ መጣ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አንድ ኃላፊ ቆርቆሮ በአናቱ ተሸክሞ ሲንገዳገድ ያየ የአሶሳ ሰው የሚያስበው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ሰውየው አብዷል፣ ወይ ነፊር ጠርቷል። ነፊር እኛ ደቦ የምንለው ነው። የእኔ አገር ሰው ደቦ ሲጠራ ቀን ቆርጦ፣ ቤት ለቤት ዞሮ ይናገራል። እዚህ ግን ትልቅ ሰው ራሱ ዕቃውን አንስቶ አደባባይ ከወጣ፣ መጥራት ማለት እሱው ነው።

"ሼህ፣ ኃላፊው ምን ሆነ?" ብሎ ጠየቀ አንድ ጨው የሚሸጥ ሰው።

ሼህ ኢድሪስ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቆርቆሮውን አየ። ማበዴን መናገር ለጽሕፈት ቤቱ ክብር አይሆንም ብሎ ነው መሰለኝ፣ "ነፊር ጠራ" አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማቆም አልችልም ነበር። ሰውየው ጨውን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ተነሳ። ማሽላ ሊሸጥ የመጣው ተነሳ። ሞፈር የያዘው፣ በግ የጎተተው፣ ምንም ያልያዘው ተነሳ። መጋዘኑ በአንድ አፍታ ባዶ ሆነ፤ ስልሳ የሚሆን ሰው ቆርቆሮ ይዞ በአንድ ሰልፍ መንገዱን ሞላው። እኔማ ልቤ አበጠ። ሠራ! መርሁ ሠራ! ቆርቆሮዬን አጥር አስደግፌ፣ ደብተሬን አውጥቼ ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ። ሼህ ኢድሪስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፤ ወደተላጠው።

"ኃላፊ፣ ገንፎው የት ነው?"

"የምን ገንፎ?"

"የነፊር። ነፊር የጠራ ሰው ያበላል። ስድስት ሰዓት ላይ ይበላሉ።"

"ስልሳ ሰው?"

"እስከዚያ ሰማንያ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ" አለ፣ ሊያጽናናኝ።

ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ባለቤቴ ለክረምት ብላ ያስፈጨችው አንድ ጆንያ የማሽላ ዱቄት ነበራት። እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም፤ የእሷን መልስ ግን አስታውሳለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ሰው ምሳ ስትጠራ እንኳ አንድ ሳምንት ቀድመህ ንገረኝ ብዬህ አልነበረም?" ጆንያውን በአህያ ጭና፣ ድስት በድስት ላይ ደራርባ፣ እየተቆጣች ከፊቴ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ተቆጣች። ልክ ናት፤ ክረምቱን በሙሉ የበላነው ማንጎ ነው።

ቀበሌው ስደርስ ሰዎቹ ቆርቆሮውን መሬት አስቀምጠው፣ ዝም ብለው ቆመው አገኘኋቸው። ሰው መሀል ሰንጥቄ ገባሁ። ሁለቱ ክፍሎች ቆመዋል። ሦስተኛው የለም። እንጨቱ ወዲያና ወዲህ አዘንብሎ፣ ጭቃው ቀልጦ ወደ ሜዳው ወርዷል። ጭቃው ላይ የእጅ ጣቶች ምልክት ነበረ፤ ሲለስኑ የተውት። የምናገረው ጠፋኝ።

ሲጠፋኝ ደግሞ መምራት ጀመርኩ። ድንጋይ ላይ ወጣሁና "ወገኖቼ፣ በመጀመሪያ በቡድን እንከፈል፤ እያንዳንዱ ቡድን ሰብሳቢና ጸሐፊ ይምረጥ..." አልኩ። የጣሪያው እንጨት ላይ የወጣ ሽማግሌ ወደ ታች አየና "እሱ ማነው?" አለ። ሐዋ መጣችና እጄን ይዛ ከድንጋዩ አወረደችኝ። አልተቆጣችም።

"ነፊር የጠራ ሰው አይጮህም፣ ኃላፊ። ሥራ የሠራተኛ ነው። የአንተ ገንፎ ነው።"

እናም እኔ፣ የምስክር ወረቀት ያለኝ ሰው፣ ቀኑን ከሚስቴና ከቀበሌው ሴቶች ጋር ማማሰያ ይዤ ዋልኩ። ጭሱ ዓይኔን አወጣው፣ ክንዴ ዛለ፤ ገንፎው ጓጎለ ተብዬም ተገመገምኩ። በጭሱ መሀል ቀና እያልኩ ጣሪያውን አያለሁ። አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ይመታል። የደከመው ሲወርድ ሌላው ሳይጠራ ይወጣል። ማን እንደሚመራ ለማወቅ ከልቤ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ይህም አናደደኝ። አሥር ቀን ሙሉ የተማርኩት ነገር እዚህ ማንም ሰው ሳይጠራው ይሠራ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሁለቱ ክፍሎች ጣሪያ ለበሱ። ሰው በልቶ፣ መርቆ ተበተነ። የተረፈውን ቆርቆሮ ሐዋ ከፈረሰው ክፍል አጠገብ አስደረደረችው። አጠገቧ ረዘም ያለች ልጅ ቆማለች፤ ዘይነብ ትባላለች፣ ልጇ ናት። ሁለቱ ክፍሎች እስካሁን በዛፍ ጥላ ሲማሩ ለቆዩት ተይዘዋል። የፈረሰው የአዲስ ጀማሪዎቹ ነበር።

"ግድግዳውን መልሰን እናቆመዋለን" አልኩ።

"ክረምት ጭቃ አይደርቅም። ኅዳር ይሆናል" አለች ሐዋ፤ በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው። "ትምህርት መስከረም ይጀምራል። ዘይነብ አምናም ክፍል የለም ተባለ፣ ቀረ። አሁን ዘጠኝ ዓመት ነው። ዘንድሮ ካልገባ ሰው ለጋብቻ ይጠይቃል፤ አባቱ ሁለት ዓመት እንቢ አለ፣ ሦስተኛ እንቢ ይላል ወይ አላውቅም።"

"መቼ ነው የወደቀው?"

"ሮብ። ከሰዓት።"

ልጅቷ ታየኛለች። ረቡዕ ከሰዓት የት እንደነበርኩ፣ ምን ስል እንደነበር አውቃለሁ። ሐዋ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ገንፎ ጥሩ ነበር" ብላ እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያች ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ማንንም ሳላወያይ፣ ራዕይ ሳልቀርጽ፣ የስብሰባ አዳራሹን ጠረጴዛ በአንድ ጫፍ ይዤ ወደ ውጭ መጎተት ጀመርኩ። አቶ ተፈራ እየሮጠ መጣ።

"ክቡር ኃላፊ፣ ምን እየሆነ ነው?"

"የጀማሪዎቹ ክፍል ይኼ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር እዚህ ይማራሉ። ያንን ጫፍ ያዝልኝ።"

"በማን ውሳኔ?"

"በእኔ።"

"ኧረ በሞቴ! ቢያንስ ተሰብስበን እንነጋገርበት እንጂ።"

"የት?" አልኩት።

አቶ ተፈራ ወደ አዳራሹ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ጠረጴዛው አየ። ጫልቱ ከኋላው መጥታ ያንኛውን ጫፍ አነሳችው።

መስከረም ላይ ሐዋ ሠላሳ ልጅ በሰልፍ አስከትላ መጣች፤ ዘይነብ ከሁሉም በቁመት ትበልጣለች። ልጆቹ አንድ በአንድ ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሐዋ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተች።

"ኃላፊ፣ ስብሰባ አለቀ?"

"አለቀ" አልኳት።

የአዳራሹን ቁልፍ ከበሩ ላይ ነቀለችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው ሄደች። እስከ ኅዳር ድረስ ጠዋት ጠዋት ራሷ እየመጣች ትከፍትላቸው ነበር።